ደጅ ለሚያድር መኪና ዳሽ ካሜራን ከፊውዝ ሳጥን ጋር ማገናኘት

የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ። በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖር ሰው መኪናው አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው ከብሎኩ ፊት ለፊት፣ ሰማይ ሥር ነው። ጠዋት ሲወርዱ ፓራውልቱ ተጭሮ ወይም ስፖኪዮው ተሰብሮ ቢያገኙት ማን እንዳደረገው የሚነግርዎት የለም። ዳሽ ካሜራ፣ ማለትም ከፊት መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ከፊቱ ያለውን የሚቀርጸው ትንሽ ካሜራ፣ መንገድ ላይ ለሚደርስ ግጭት ብቻ ሳይሆን ለዚህም ይገዛል። ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የተሰካ ካሜራ ግን ቁልፉ ሲነቀል አብሮ ይጠፋል። ሽቦውም ክሩስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ ውስጥ ዕቃ መኖሩን ላላፊ አግዳሚው ይናገራል።

ካሜራው በቀጥታ ከፊውዝ ሳጥኑ ኃይል ሲያገኝ መኪናው ቆሞም ይቀርጻል፣ ሽቦውም ከዓይን ይጠፋል። ሥራው ለጀማሪ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል፤ ካውያም ስታኞም አያስፈልግም። ከወዲሁ መያዝ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ የመኪናው የራሱ ሽቦ አይላጥም፣ አይቆረጥም፣ ሌላ ሽቦም አይጠመጠምበትም።

መንገድ ዳር በሩብ ሰዓት የሚያልቀው አገጣጠም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ የቴፑ ሽቦ በምላጭ ይላጣል፣ የካሜራው ሽቦ ይጠመጠምበታል፣ በፕላስተር ይሸፈናል። ለዕለቱ ይሠራል። ኮብልስቶን ላይ ወራት ሲንቀጠቀጥ ግን ጥምጥሙ ይላላል፤ የላላ ጥምጥም ይሞቃል፤ ሙቀቱ የፕላስተሩን ሙጫ ያቀልጠውና ይፈታል። ከዚህ የሚብሰው ለካሜራው ተብሎ የገባ ፊውዝ አለመኖሩ ነው። የተላጠው ሽቦ ብረት ቢነካ የሚያስቆመው የቴፑ 15 ወይም 20 አምፔር ፊውዝ ብቻ ነው፤ የካሜራው ቀጭን ሽቦ ደግሞ ያ ፊውዝ ሳይቃጠል በፊት ራሱ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ከታች ያለው አሠራር ሁሉ የቆመው በሁለት ነገር ላይ ነው፦ ካሜራው የራሱ ፊውዝ ይኑረው፤ ነገ ቢነቀልም መኪናው እንደነበረ ይመለስ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዋናው ሦስት ሽቦ ያለው የኃይል ማገናኛ ነው፤ ሻጮቹ ሃርድዋየር ኪት ይሉታል። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን የመኪናውን 12 ቮልት ወደ 5 ቮልት ታወርዳለች፤ ባትሪው ሲዳከምም ኃይሉን ትቆርጣለች። ብዙውን ጊዜ ጥቁሩ ማሳ ነው (ኃይሉ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት)፣ ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል ካለው ፊውዝ ይገናኛል፣ ቀዩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኘው ፊውዝ። ይህ ቀለም ግን በሁሉም ፋብሪካ አንድ አይደለም፤ ሽቦው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እንጂ ቀለሙን አይመኑ። ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ርካሽ ኪት ቁልፉ መዘጋቱን ለካሜራው የሚነግርበት መንገድ የለውም፤ ደጅ ለሚያድር መኪና አይሆንም።

ኪቱ ለካሜራዎ ሞዴል የተሠራ ይሁን። ሶኬቱ ቅርጹ አንድ ስለሆነ ብቻ ውስጡ አንድ ነው ማለት አይደለም፤ የሌላ ፋብሪካ ኪት ተሰክቶ ካሜራው ይበራል፣ ቁልፉ መዘጋቱን ግን አያውቅምና ሌሊቱን ሙሉ እንደ ቀን እየቀረጸ ባትሪውን ይጨርሳል። ለአይሱዙ ኤን ፒ አር የጭነት መኪና ወይም ለሌላ ባለ 24 ቮልት መኪና ከሆነ ኪቱ ላይ 12/24 ቮልት መባሉን ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ሁለት ፊውዝ ማጋሪያ። ይህ በፊውዙ ቦታ የሚሰካ፣ ላዩ ላይ ሁለት የፊውዝ ማስገቢያ ያለው፣ ከጎኑ አንድ ሽቦ የወጣለት ዕቃ ነው። አንዱ ማስገቢያ የመኪናውን ነባር ፊውዝ ይቀበላል፣ ሌላው የካሜራውን። ገበያ ሲሄዱ ከመኪናዎ አንድ ፊውዝ ነቅለው ይዘው ይሂዱ፤ ሶማሌ ተራ ደርሶ በግምት መግዛት ሁለተኛ ጉዞ ያስከትላል። ትልቁ ፊውዝ ወደ 19 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ሚኒው ወደ 11 ሚሊሜትር ነው። ሎው ፕሮፋይል ሚኒ ስፋቱ ከሚኒው ጋር እኩል ሆኖ እግሮቹ ከፕላስቲኩ ብዙም አይወጡም። ማይክሮ 2 የሚባለው ወደ 9 ሚሊሜትር ነው። ሚኒ ማጋሪያ በሎው ፕሮፋይል ቦታ በግድ ሲገፋ ውስጥ ያለው የብረት መቀበያ ይከፈታል፤ አንዴ የተከፈተ መቀበያ የራሱን ፊውዝ እንኳ አጥብቆ አይዝም።

ለካሜራው 2 ወይም 3 አምፔር ፊውዝ ይበቃል፤ መጠባበቂያ ጨምረው አራት ይግዙ። 2 አምፔሩ ግራጫ፣ 3 አምፔሩ ሐምራዊ ነው። ፈዛዛ ቡናማው 5፣ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20 አምፔር ናቸው። 3 አምፔሩ ጠፍቶ በምትኩ ቀይ የሚሸጥልዎት ካለ አይቀበሉት።

ከዚህ ሌላ ዲጂታል ቴስተር (የቮልት መለኪያ)፣ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ፣ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ከ10 እስከ 15 የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ጨርቅነት ያለው ፕላስተር፣ አልኮልና ንጹሕ ጨርቅ ያዘጋጁ። መፈልቀቂያ ካጡ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ለብዙው ሥራ ይሆናል። ካቻቢቴ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ፕላስቲኩን ይጭረዋል፣ ክሊፑንም ይሰብረዋል።

ፊውዝ መምረጥ

ይህን ባትሪው እንደተገናኘ ነው የሚሠሩት። በብዙ መኪና የውስጡ ፊውዝ ሳጥን ከመሪው በታች በግራ በኩል፣ ከሹፌሩ ጉልበት ፊት ካለው ክዳን ጀርባ ነው፤ በአንዳንዱ ደግሞ ከጋቢናው ፊት ካለው የክሩስኮት ኪስ ኋላ ይገኛል። የክዳኑ ጀርባ ላይ የእያንዳንዱ ፊውዝ ሥራ በምልክት ተጽፏል። ከማንኛውም ነገር በፊት በስልክዎ ግልጽ ፎቶ ያንሱት።

ፊውዝ ሳይነቅሉ ኃይል መኖሩን ማየት ይቻላል። ፊውዙን ከላይ ጠጋ ብለው ሲያዩት ፕላስቲኩ ላይ ሁለት ጥቃቅን የብረት ነጥቦች አሉ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ቀለም ያልነካው ብረት ላይ፣ ቀዩን በነጥቡ ላይ ያድርጉ። ቁልፉ ተዘግቶ ዜሮ፣ አንድ ደረጃ ሲዞር 12 ቮልት ያህል ካሳየ ለቀዩ ሽቦ የሚሆን ፊውዝ አገኙ ማለት ነው። የሲጋራ ማቀጣጠያው ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ተስማሚ ነው።

ለቢጫው ሽቦ ቁልፉ ተዘግቶም 12 ቮልት የሚያሳይ ያስፈልጋል። የውስጥ መብራት ወይም የበር መቆለፊያ ፊውዝ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ አዳዲስ መኪናዎች ከተቆለፉ በኋላ ጥቂት ቆይተው የውስጥ መብራቱን ኃይል ራሳቸው ይቆርጣሉ። በሩ ተከፍቶ ሲለኩት ሁልጊዜ ኃይል ያለው የመሰለ ፊውዝ መኪናው ሲተኛ ይሞታል፤ ካሜራውም ሌሊት አይቀርጽም። ስለዚህ መስኮቱን ከፍተው፣ በሮቹን ዘግተው፣ መኪናውን ቆልፈው 30 ደቂቃ ይጠብቁና በመስኮቱ እጅዎን አስገብተው እንደገና ይለኩ። ያን ጊዜም 12 ቮልት ካለ ያ ፊውዝ ይሆናል።

የማይነኩ አሉ። ኤስአርኤስ ወይም ኤርባግ የሚል፣ ኤቢኤስ (የፍሬን መቆጣጠሪያ)፣ የሞተር ኮምፒውተር፣ የመሪ ሞተር፣ የፍሬን መብራት። ማጋሪያ በእነዚህ ላይ አይሰካም፤ ካሜራው ላይ የሚደርስ ጥፋት ፍሬንና ኤርባግ ድረስ መሄድ የለበትም።

ባትሪውን መፍታት

ኮፈኑን ይክፈቱ፤ በ10 ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ኔጋቲቭ ብቻ ይፍቱና ተመልሶ እንዳይነካ በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ጎን ያድርጉት። ቶዮታ በመመሪያዎቹ ከኤርባግ አጠገብ ከመሥራት በፊት ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቅ ይላል፤ 5 ደቂቃ ቢጠብቁ አይከፋም። የቴፑ ሰዓትና የመስኮቱ አንድ ጊዜ ተነክቶ የመዘጋት ሥራ ሊጠፋ ይችላል፤ የቴፑን ኮድ ካላወቁ አስቀድመው ይፈልጉት።

በኤሌክትሪክ መኪና ሥራው ያው ነው፤ እነዚህም ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። ብርቱካናማ ሽፋን ያለውን ገመድ ግን በምንም ምክንያት አይንኩ፤ ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበት ነው።

ካሜራውን ማስቀመጥ

ቦታው ከውስጡ ስፖኪዮ ኋላ፣ በጋቢናው በኩል ነው፤ ከሹፌሩ ዓይን ይሸሸጋል፣ ከውጭም በቀላሉ አይታይም። ሌንሱ የዝናብ መጥረጊያው በሚደርስበት ክልል ውስጥ መሆኑን ይዩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መጥረጊያው የማይደርስበት ካሜራ የሚቀርጸው ጭቃና የውኃ ጠብታ ነው። የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦች ላይ አይለጥፉ፤ ማጣበቂያው እዚያ አይዝም።

መስታወቱን በአልኮል አጽድተው ያድርቁ። ማለዳ በብርድ አይለጥፉ፤ ሁለት ፊት ያለው ማጣበቂያ በቀዝቃዛ መስታወት ላይ በደንብ አይጣበቅም። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ መስታወቱ ሲሞቅ መያዣውን ብቻ ይለጥፉ፣ 30 ሰከንድ አጥብቀው ይጫኑት፣ ካሜራውን 24 ሰዓት ቆይተው ይስቀሉት። ስለዚህ መያዣውን ቅዳሜ ከሰዓት ለጥፎ ሽቦውን እሑድ መዘርጋት ምቹ ነው።

ሽቦውን መደበቅ

ሁልጊዜ ከካሜራው ጀምረው ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ይውረዱ። የሚተርፈው ሽቦ ታች መደበቂያ አለው፣ ላይ ግን የለውም። ካሜራው ጋ 15 ሴንቲሜትር ያህል ትርፍ ጣሪያው ውስጥ ይተዉ፤ ካሜራውን ለማዞር ወይም ለማውጣት ያስፈልጋል።

የጣሪያው ልባስ ከፓራብሬዛው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ መፈልቀቂያውን ወይም የባንክ ካርዱን አስገብተው በትንሹ ያንሱና ሽቦውን በጣትዎ ይግፉት። ልባሱን ወደ ታች አይጎትቱት፤ አንዴ የታጠፈ ልባስ መስመሩ አይጠፋም። እንዲህ እየገፉ በሹፌሩ በኩል፣ በፓራብሬዛውና በበሩ መካከል እስካለው ምሰሶ ይድረሱ።

አሁን የሥራው ከባዱ ቦታ ላይ ነዎት። በብዙ መኪና ከምሰሶው ሽፋን ሥር የጎን ኤርባግ ተጣጥፎ ተቀምጧል። በግጭት ጊዜ ያ ኤርባግ በሰከንድ ክፍልፋይ ወደ ውስጥ ይፈነዳል። ሽቦዎ ከፊቱ ካለፈ ወይ መንገድ ይዘጋበታል፣ ወይ ተወርውሮ ፊት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሽቦው ከኤርባጉ ኋላ፣ ከምሰሶው ብረት ጋር ተያይዞ በሚወርደው የፋብሪካው ሽቦ ላይ ታስሮ ነው የሚወርደው።

የበሩን ጎማ ከምሰሶው ላይ በእጅዎ ላጥ ያድርጉ። መፈልቀቂያውን ከሽፋኑ ላይኛ ጠርዝ አስገብተው ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ የመጀመሪያው ክሊፕ ጠቅ ብሎ ይለቃል። ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ጥቂት ሴንቲሜትር ወጥቶ ይቆማል። ተጣብቆ አይደለም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ሽፋኑ እንዳይወረወር የሚይዝ ምላስ ያለው ክሊፕ አለ። አይጎትቱት። የተከፈተው ክፍተት እጅ ያስገባል፤ ሽቦውን በዚያ አሳልፈው ከኤርባጉ ኋላ በየ20 ሴንቲሜትሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይሰሩት። ቢጫ ሶኬት ካዩ የኤርባግ ነው፤ አይንቀሉት፣ በቴስተርም አይንኩት።

ሽፋኑን ለመክፈት እጅዎ ካልደፈረ ሌላ መንገድ አለ፦ ሽቦውን ከጣሪያው ወደ በሩ ጎማ አምጥተው በጎማው ውስጥ ወደ ታች ማውረድ። ኤርባጉን አያልፍም፣ ቀላልም ነው። ጉድለቱ ጎማው ሲያረጅ ሽቦው ብቅ ማለቱ ነው፤ በመንገድ አቧራ በደረቀ ጎማ ደግሞ ይህ ቶሎ ይመጣል።

በሩ ሲከፈት የክሩስኮቱ ጎን ላይ የሚታየው ትንሽ ክዳን በመፈልቀቂያ ይነሣል፤ ሽቦው በዚያ ገብቶ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ይደርሳል። ኮብልስቶን ላይ ሲነዱ ከምሰሶው ውስጥ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ካልፈለጉ ሽቦው ከፕላስቲክ ጋር በሚነካካበት ቦታ ሁሉ ጨርቅነት ያለውን ፕላስተር ይጠቅልሉበት።

የኋላ ካሜራ ካለ ሽቦው በጣሪያው ጎን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወደ ኋላው በር የሚገባውም በፋብሪካው የጎማ ቱቦ ውስጥ ነው። ከቱቦው ውጭ ካለፈ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይታጠፋል፣ በመጨረሻም ይቆረጣል።

ማሳ

የካሜራ ችግር ሲመረመር በጣም ብዙው መነሻው መጥፎ ማሳ ነው። ጥቁሩን ሽቦ በፊውዝ ሳጥኑ አጠገብ ካለ፣ በቀጥታ የመኪናው ብረት ውስጥ ከገባ ቡሎን ሥር ያስሩ። ፕላስቲክ ብቻ የያዘ ቡሎን ወይም በቀለም የተሸፈነ ብረት አይሆንም። የኤርባግ ማሳ ያለበትን ቡሎንም አይጋሩ። ቡሎኑን ሙሉ በሙሉ ሳያወጡ ላላ አድርገው ሹካ መሰሉን ጫፍ ሥሩ አስገብተው ያጥብቁ።

ፊውዝ ማጋሪያውን በትክክል ማዞር

ማጋሪያው በሁለቱም አቅጣጫ ይገባል፣ ትክክለኛው ግን አንዱ ብቻ ነው። ከሁለቱ እግሮቹ አንዱ ለሁለቱም ፊውዞች የጋራ ነው፤ ያ እግር ከባትሪው በሚመጣው በኩል መግባት አለበት። ተገልብጦ ከገባ የካሜራው ኃይል በመኪናው ነባር ፊውዝ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው፤ የሁለቱንም ጭነት አንዱ ይሸከማል፣ ነባሩ ፊውዝ ሲቃጠልም ካሜራው አብሮ ይጠፋል።

አቅጣጫውን እንዲህ ይለዩ። ባትሪውን ለጊዜው መልሰው ያገናኙ። የኪቱ ሳጥን ገና ከማጋሪያው ጋር አይገናኝ። ፊውዙን ነቅለው ሁለቱም ማስገቢያው ባዶ የሆነውን ማጋሪያ በቦታው ይሰኩ። ለቀዩ ሽቦ የሚሆነው ከሆነ ቁልፉን አንድ ደረጃ ያዙሩ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ማሳ ላይ አድርገው በቀዩ ለካሜራው የሚሆነውን ማስገቢያ ሁለቱንም መቀበያ ይንኩ። አንዱ 12 ቮልት ካሳየ አቅጣጫው ትክክል ነው። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ነቅለው ያዙሩት። ይህ 1 ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ነው፤ ግን ስለማይታወቅ ይዘለላል።

ከዚያ ባትሪውን እንደገና ይፍቱ። ነባሩን ፊውዝ በነባሩ ማስገቢያ፣ 2 ወይም 3 አምፔሩን በካሜራው ማስገቢያ ያስገቡ። ሽቦዎቹን ከማጋሪያዎቹ ጋር ሲያገናኙ ጫፉን በፒንሳ አጥብቀው ይጭመቁና ሳብ አድርገው ይሞክሩ፤ የሚወጣ ከሆነ እንደገና ይጭመቁ። ሁለቱ ማጋሪያዎች ተጠጋግተው የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን የማይዘጋ ከሆነ ጠርዝ ላይ ያለ ሌላ ፊውዝ ይፈልጉ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ መቅረት የለበትም፤ አቧራ ይገባዋል።

የኪቱን ሳጥን ከክሩስኮቱ በታች፣ ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር ያስሯት። የመሪው ዘንግ ይንቀሳቀሳልና አይሆንም፤ ከፔዳሎቹም በቂ ርቀት ይኑራት። ትርፉን ሽቦ ሰብስበው ያስሩት፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ፔዳሎቹን በእጅዎ እስከ ታች ይግፉ። ምንም ሽቦ መነካት የለበትም። ወደ ፍሬን ፔዳል የወረደ አንድ ቀለበት ሽቦ ከካሜራው ጥቅም ሁሉ የሚበልጥ አደጋ ነው።

ባትሪው እስከ ስንት ይፍቀድ

ኪቶች ባትሪው ስንት ቮልት ሲደርስ እንደሚቆርጡ መምረጫ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ከ11.8 እስከ 12.4 ቮልት ባለው ክልል። ያረፈ ጤነኛ የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ሲሆን ግማሹ ያህል ቀርቶታል፤ ከ12 በታች ሲወርድ ሞተሪኖውን ማዞር ይከብደዋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቆሞ የሚቀርጽ አንድ ካሜራ ከ0.25 እስከ 0.4 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ 0.3 እንበል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 11 ሰዓት ነው፤ 3.3 አምፔር ሰዓት ይሄዳል። ለቪትዝ 35 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይህ ምንም አይደለም። ነገር ግን መኪናው ዓርብ ምሽት 1 ሰዓት ቆሞ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት የሚነሣ ከሆነ 60 ሰዓት ነው፤ 18 አምፔር ሰዓት፣ የባትሪው ግማሽ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ ሦስት ዓመት ባገለገለ ባትሪ፣ ያ መኪና ላይነሣ ይችላል።

ስለዚህ በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚሄድ መኪና 12.0 ወይም 12.2 ይሆናል። ከኮንዶሚኒየሙ እስከ ሱቅ ብቻ ለሚሄድ፣ ወይም ባትሪው ላረጀ፣ 12.4 ያድርጉ፤ በአጭር ጉዞ ዲናሞው የሌሊቱን አይመልስም። ለፋሲካ ወይም ለገና ወደ ገጠር ሄደው መኪናው ሳምንት የሚቆም ከሆነ የቢጫውን ሽቦ ፊውዝ ነቅለው ይሂዱ።

ለኤሌክትሪክ መኪና ይህ ሒሳብ አይሠራም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከገቡት ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ በርካታ የቢዋይዲ ሞዴሎች፣ 12 ቮልቱ ባትሪያቸው ሊቲየም ብረት ፎስፌት ነው። ይህ ባትሪ ሲያርፍ 13.2 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.4 የሚደርሰው ሊያልቅ ሲል ነው። የኪቱ መቁረጫ ከነቃ በኋላ በሩ እንኳ ላይከፈት ይችላል። ለእነዚህ የተሻለው ካሜራው ቁልፉ ሲከፈት ብቻ እንዲሠራ ማድረግ፣ ሌሊት እንዲቀርጽ ከተፈለገም ለዳሽ ካሜራ የተሠራ የራሱ ባትሪ መግዛት ነው።

መሞከር

ባትሪውን ያገናኙ፣ ቁልፉን ያዙሩ። ካሜራው መብራት አለበት። ሞተር ሲነሣ ለአፍታ ጠፍቶ ቢበራ ችግር አይደለም፤ ሞተሪኖው ሲዞር አንዳንድ ፊውዞች ኃይል ያጣሉ። ቁልፉን ይዝጉ፤ ካሜራው ወደ ማቆሚያ አቀራረጽ መቀየሩን በስክሪኑ ወይም በስልክዎ ያረጋግጡ።

ካሜራው እየሠራ በጥቁሩ ሽቦ ጫፍና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ያለውን ቮልት ይለኩ። ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ደካማ ነው፤ ሌላ ቡሎን ይፈልጉ።

ማቆሚያው የሰው መተላለፊያ ከሆነ የእንቅስቃሴ መለያውን ዝቅ ያድርጉት፤ ካልሆነ ውሻና አላፊ ሁሉ እየቀረጸው የካሜራው ሚሞሪ ካርድ ይሞላል። የሚያብለጨልጨውን መብራት ያጥፉት። ተሳፋሪ የሚጭኑ ከሆነ ድምፅ መቅጃውን ያጥፉ ወይም ለተሳፋሪው ይንገሩ።

ካርዱ ለተደጋጋሚ ቀረጻ የተሠራ፣ ቢያንስ 64 ጊጋባይት ይሁን። ሰከንዱን 15 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት ወደ 7 ጊጋባይት ይፈጃል፤ 64 ጊጋባይቱ 9 ሰዓት ያህል ይዞ ከዚያ አሮጌውን እየሰረዘ ይሄዳል። በወር አንድ ጊዜ ካሜራው ውስጥ እንዳለ ፎርማት ያድርጉት። ግጭት ካጋጠመዎት በዚያው ሰዓት ቪዲዮውን ወደ ስልክዎ ያውርዱ።

ሳይሠራ ሲቀር

ምንም ካልበራ መጀመሪያ ትንሹን ፊውዝ ይዩ። ከተቃጠለ ትልቅ አያስገቡ፤ ሽቦው የሆነ ቦታ ተቆንጥጧል፣ ብዙ ጊዜም ከምሰሶው ሽፋን ክሊፕ ሥር ነው።

ቁልፉ ሲዘጋ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ቀዩና ቢጫው ተለዋውጠዋል፣ ወይም ቢጫው ያለበት ፊውዝ ከመኪናው ጋር ይተኛል። ለጥቂት ሰዓት ሠርቶ ሌሊት የሚጠፋ ከሆነ ባትሪውን ከመውቀስዎ በፊት ሳጥኗ ጋ የሚደርሰውን ቮልት ይለኩ፤ በባትሪው ላይ 12.5 ሆኖ ሳጥኗ ጋ 12.1 ከሆነ የላላ ጫፍ ወይም መጥፎ ማሳ እያታለላት ነው።

ካሜራው ሲበራ ቴፑ የሚንሿሿ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሸገር 102.1ን ከፍተው ጣቢያው ከወትሮው ከደከመ፣ ሳጥኗ ወይም ሽቦው ለአንቴናው ገመድ ቀርቧል። ሽቦውን ከአንቴናው ገመድ በተቃራኒው ምሰሶ ማውረድ ይሻላል፤ ያም ካልበቃ ከካሜራው አጠገብ ሽቦው ላይ የፌራይት ቀለበት (የሬዲዮ ረብሻን የሚያፍን) ያድርጉ።

ከሥራው በኋላ የኤርባግ ምልክት በርቶ ከቀረ መኪናውን ይዘው ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ይሂዱ፤ አንድ ቢጫ ሶኬት ላልቶ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ እስኪጠፋ ኤርባጉ በግጭት ላይፈነዳ ይችላልና ሳይውል ሳያድር ያሳዩት።